በድምፅ ተሸንፈው በሕግ ያሸነፉት ቤት ሠሪዎች፦ የፔንሲልቬንያው የስፕሪንክለር ጉዳይ

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አዲስ ቤት የገዛ ዘመድ ካላችሁ እንኳን ደስ ያለህ ልትሉት ስትሄዱ፣ ቡናው እስኪፈላ ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን እዩት። ትንንሽ ክብ ነጭ ክዳን የመሰሉ ነገሮች እዚህም እዚያም አሉ። ስፕሪንክለር ናቸው። እሳት ሲነሳ ውሃ የሚረጩት። ከዚያ የፖቶማክን ወንዝ ተሻገሩና ቨርጂኒያ ግቡ። አሌክሳንድሪያ ወይም ውድብሪጅ በዚያው ዓመት፣ በዚያው እንጨት፣ ምናልባትም በዚያው ኩባንያ የተሠራ ቤት ውስጥ ቀና በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ኮርኒሱ ባዶ ነው።

እሳቱ ያው እሳት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ሕግ ነው። ሜሪላንድ አዲስ መኖሪያ ቤት ሁሉ ስፕሪንክለር ይኑረው አለች፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ግዴታ አይሁን አለች። በየክፍለ ግዛቱ እንዲህ የተለያየ መልስ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቤት ሠሪዎች ማኅበራት ለዓመታት ሕግ አውጪዎችን ሲያናግሩ፣ ሲያግባቡ፣ ሲገፉ ኖረዋል።

እዚህ የማወራው ግን ስለ ትንሽ ወደ ሰሜን ስለምትገኘው ስለ ፔንሲልቬንያ ነው። እዚያ ስፕሪንክለር ግዴታ ሆነ፤ አራት ወር ሳይሞላው ተሻረ። የግንባታው ዘርፍ ሕግ አውጪ ዘንድ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የግንባታ ደንቡ፣ ማለትም ኮዱ፣ ከየት ይመጣል?

አሜሪካ ለሀገሩ ሁሉ የሚሠራ አንድ የግንባታ ሕግ የላትም። ያላት ናሙና ነው። ናሙናውን የሚያዘጋጀው መንግሥት እንዳይመስላችሁ። በ1994 የተቋቋመ ዓለም አቀፍ የኮድ ምክር ቤት የሚባል የግል ድርጅት አለ (ስሙ ዓለም አቀፍ ይባል እንጂ ሥራው በአብዛኛው አሜሪካ ነው)፣ እሱ በየሦስት ዓመቱ አዲስ እትም ያወጣል፣ ክፍለ ግዛቶች ደግሞ ወስደው እንዳለ ወይም ቆራርጠው ሕግ ያደርጉታል። ለአንድና ለሁለት ቤተሰብ የሚሠሩ ቤቶችና ታውንሃውሶች (ግድግዳ ተጋርተው በተርታ የሚሠሩ ቤቶች) የሚተዳደሩበት ጥራዝ ዓለም አቀፍ የመኖሪያ ቤት ኮድ፣ በአጭሩ አይአርሲ ይባላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ኋላ ያስፈልገናል። በዚህ ድርጅት የመጨረሻ ጉባኤ ላይ ድምፅ የሚሰጡት የመንግሥት ተወካዮች ብቻ ናቸው። የከተማ የግንባታ ተቆጣጣሪ፣ የእሳት አደጋ ኃላፊ፣ እንደዚህ ያሉ ሰዎች። ቤት ሠሪው መናገር ይችላል፣ መከራከር ይችላል፣ ከዚያ በፊት ባሉ ኮሚቴዎችም ይቀመጣል። እጅ ሲቆጠር ግን የሱ እጅ የለም።

የእሳት አደጋ ሰዎች ስፕሪንክለር በአይአርሲ ውስጥ ግዴታ እንዲሆን ለዓመታት ሞክረዋል። በ2006ቱ እትም የገባው እንደ አባሪ ነበር፤ የፈለገ ይውሰደው፣ ያልፈለገ ይተወው። በ2007 ሮቸስተር ኒውዮርክ ላይ ከግማሽ በላይ ድምፅ አገኙ። አልበቃም። ሁለት ሦስተኛ ያስፈልግ ነበር። በመስከረም 2008 ሚኒያፖሊስ ላይ እንደገና መጡ። በዚህ ጊዜ አዳራሹ በእሳት አደጋ ሰዎች ተሞላ። 1,283 ደገፉ፣ 470 ተቃወሙ። 73 በመቶ ማለት ነው።

ቤት ሠሪዎቹ ተናደዱ። ለዚህች አንድ ድምፅ ብቻ ብላችሁ ሰው አምጥታችሁ አዳራሽ ሞላችሁ አሏቸው። እውነታቸውን ነው፣ ሰዎቹ ለዚያች ድምፅ ነበር የመጡት። ግን እንግዲህ ድምፅ መስጠት የሚችለውን ሰው ማምጣት ክልክል አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት ውሳኔውን ለማስቀልበስ ሞከሩ፤ አልተሳካም። 2009 አይአርሲ ታተመ፤ ከጥር 1 ቀን 2011 ጀምሮ የሚሠራ አዲስ የአንድና የሁለት ቤተሰብ ቤት ሁሉ ስፕሪንክለር ይኑረው ይላል።

ሁለቱም ወገን ምን ይላል?

ክርክሩን ሳልነግራችሁ ወደ ሎቢው፣ ሕግ አውጪን ወደ ማግባባቱ ሥራ፣ ብሄድ ቤት ሠሪዎቹን ዝም ብሎ ክፉ አድርጌ እንዳቀርብ ይሆናል። እንደዛ አይደለም።

በእሳት ሰዎቹ በኩል ያለው ቁጥር ከባድ ነው። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ በመኖሪያ ቤት እሳት በዓመት ከ2,500 በላይ ሰው ይሞት ነበር። በሜሪላንድ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ከ1992 ጀምሮ አዲስ ቤት ሁሉ ስፕሪንክለር እንዲገጠምለት አዝዞ ነበር፤ የ15 ዓመቱ መዝገብ ሲታይ ስፕሪንክለር ባልነበራቸው ቤቶች 101 ሰው ሞቷል፣ ስፕሪንክለር በነበራቸው የግል ቤቶችና ታውንሃውሶች አንድም ሰው አልሞተም። ዜሮ። በዚያ ላይ የዛሬ ቤት እንደ ድሮ ቤት አይነድም። ሶፋው ፎም ነው፣ መጋረጃው ፕላስቲክ ነው። በላቦራቶሪ የድሮ ዕቃ የሞላው ሳሎን ሙሉ በሙሉ ለመቀጣጠል 29 ደቂቃ ገደማ ሲፈጅበት፣ የዘመኑ ዕቃ ያለው ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነበልባል ሆኗል። መኪናው ሳይረን እያሰማ ከጣቢያው እስኪወጣ አለቀ ማለት ነው። ወለሉን የሚሸከመው የዘመኑ ቀጭን የተጣበቀ እንጨት ደግሞ ከድሮው ወፍራም ወራጅ ቀድሞ ይደረመሳል፣ ከነእሳት አደጋ ሠራተኛው።

(በነገራችን ላይ ፊልም ላይ እንደምናየው አንድ ክብሪት ሲጫር ቤቱ ሁሉ አይዘንብበትም። እያንዳንዱ ራስ ለብቻው በሙቀት ነው የሚከፈተው፣ አብዛኛውን ጊዜ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ። በጭስ አይደለም። እንጀራ ሲጋገር ቤቱ በውሃ አይጥለቀለቅም፣ አትፍሩ።)

በቤት ሠሪዎቹ በኩል ደግሞ ዋናው ነገር ዋጋ ነው። በ2008 በአሥር ማኅበረሰቦች የተደረገ ጥናት አማካይ ዋጋውን በስኩዌር ፊት 1.61 ዶላር አድርጎታል። 2,400 ስኩዌር ፊት ለሆነ ቤት ወደ 3,900 ዶላር ይመጣል። ይህ ግን አማካይ ነው። ፔንሲልቬንያን በመኪና ያቋረጠ ሰው ያውቀዋል፤ ከፊላዴልፊያና ከፒትስበርግ መሐል ያለው ገጠር ነው። ክፍለ ግዛቷ አንድ ሚሊዮን ገደማ የግል የውሃ ጉድጓድ አላት። የጉድጓድ ፓምፕ በራሱ ለስፕሪንክለር የሚበቃ ግፊት ላይሰጥ ይችላል። ታንከር ይጨመራል፣ ፓምፕ ይጨመራል፣ ዋጋው ይወጣል። ክረምት ላይ ጣሪያ ሥር ያለ ቧንቧ ይቀዘቅዛል የሚል ስጋትም አለ። ደግሞም አዲስ ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ የተያያዘ የጭስ ማንቂያ አለ፣ ሰው እየሞተ ያለው አሮጌ ቤት ውስጥ ነው፣ አሮጌውን ትታችሁ አዲሱን ለምን ታስወድዳላችሁ ይላሉ።

የመጨረሻዋ ነጥብ ጠንካራ ናት፣ ግን ቀዳዳ አላት። አዲስ ቤት አሮጌ ይሆናል። የዛሬው አዲስ ቤት ከ40 ዓመት በኋላ የማን ቤት እንደሚሆን አስቡት።

እና ጊዜው። ጊዜውን ሳይረዱ ይህን ጉዳይ መረዳት አይቻልም። በ2005 አሜሪካ ውስጥ የተጀመሩ የነጠላ ቤተሰብ ቤቶች 1.7 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። በ2009 ወደ 445,000 ወረደ። በ2011 ከዚያም ብሶ 430,000 አካባቢ ደረሰ። የስፕሪንክለሩ ግዴታ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከዘመኑ ሁሉ የከፋ ዓመት ላይ ዋለ። ኮንትራክተሩ መዶሻውን ሰቅሎ ቤቱ ተቀምጧል። በዚህ ጊዜ 4,000 ዶላር ጨምር ስትለው ምን ይልሃል?

ማኅበሩ እንዴት ነው የተሠራው

ብሔራዊው የቤት ሠሪዎች ማኅበር በ1942 የተቋቋመ ነው። ዛሬ ወደ 140,000 አባላት አሉት፣ ከገበያው ውድቀት በፊት በ2007 ግን ከ200,000 በላይ ነበር። ትልቅነቱ ብቻ አይደለም ኃይሉ። ኃይሉ አሠራሩ ላይ ነው፤ አንድ ሰው አባል የሚሆነው በሰፈሩ ነው። ላንካስተር ወይም ስክራንተን ያለው ሰውዬ ለአካባቢው ማኅበር መዋጮ ሲከፍል፣ በዚያው ክፍያ የክፍለ ግዛቱም የብሔራዊውም አባል ይሆናል። እድር በሉት፣ ሆኖም ዋና መሥሪያ ቤቱ ዋሽንግተን የሆነ እድር። እንደነዚህ ያሉ የአካባቢና የክፍለ ግዛት ማኅበራት ከ700 በላይ ናቸው።

ዋሽንግተን ያለው ቢሮ ጥናቱን፣ ቁጥሩን፣ የንግግር ነጥቡን ያዘጋጃል። በየዓመቱ አንድ ቀመር እያደሱ ያወጣሉ፤ የቤት ዋጋ በ1,000 ዶላር ሲጨምር ስንት ቤተሰብ ብድር ማግኘት እንደማይችል የሚያሰላ። በ2024 ያወጡት ቁጥር ወደ 106,000 ቤተሰብ ነው። ቁጥሯን ልብ በሉ። እንደራሴ ፊት ቆሞ ‘ትርፌ ይቀንሳል’ ማለት አይሠራም። ‘ከ100,000 በላይ ቤተሰብ ቤት ማግኘት ያቅተዋል’ ማለት ግን ይሠራል። ትርፍ የሚለው ቃል ከጠረጴዛው ይነሳና የወጣት ባልና ሚስት ሥዕል ይቀመጣል።

ከዚያ ሥዕሉን ይዞ የሚሄደው የሰፈሩ ሰው ነው። የፔንሲልቬንያ የታችኛው ምክር ቤት 203 አባላት አሉት፣ ሴኔቱ 50። አንድ የታችኛው ምክር ቤት አባል የሚወክለው ከ60,000 ትንሽ የሚበልጥ ሰው ነው። ያ ማለት ከቀጠናው ትልልቅ ቤት ሠሪዎች ጋር በስም ይተዋወቃሉ። አናጢውን፣ የቧንቧ ሠራተኛውን፣ የጣሪያ ሠራተኛውን የሚቀጥረው እሱ ነው። ለትምህርት ቤቱ የስፖርት ቡድን ማሊያ የሚገዛው እሱ ነው። ሎቢስት የክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ሃሪስበርግ ቢሮ ሄዶ በር ሲያንኳኳ አንድ ነገር ነው፤ የሰፈሩ ሰው ‘ና እስቲ ሳይቱን ላሳይህ’ ብሎ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ‘እዚህ ጋ ዘንድሮ አምስት ቤት ልሠራ ነበር’ ሲል ሌላ ነገር ነው።

የቤት ደላሎች ማኅበርም አብሯቸው ነበር። ገንዘብም አለ፣ የምርጫ ዘመቻ መዋጮ አለ፣ ያንን መደበቅ አያስፈልግም፣ በአሜሪካ ሕጋዊ ነው። ግን ገንዘብ ብቻ ነው ብሎ መደምደም ስንፍና ይመስለኛል። ገንዘብ በር ያስከፍታል። በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚባለው ነገር ነው ጉዳዩን የሚጨርሰው።

በሌላው በኩል የቆሙትስ? የእሳት አደጋ አዛዦች፣ ብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበር፣ በእሳት የተቃጠሉና ከሞት የተረፉ ሰዎች። ከነሱ ጋር ደግሞ የስፕሪንክለር አምራቾችና የገጣሚዎቹ የሠራተኛ ማኅበር። ቤት ሠሪዎቹ ይቺን አልለቀቋትም፤ ‘እነዚህም ዕቃቸውን ሊሸጡ ነው የመጡት’ አሉ። አላሳፈራቸውም፣ ትክክልም ነበሩ። ሁለት የግንባታ ዘርፎች ናቸው እዚህ የተፋጠጡት፤ አንዱ ከፋይ፣ ሌላው ተከፋይ።

ሃሪስበርግ ላይ የሆነው

ፔንሲልቬንያ የራሷ የተለየ ነገር ነበራት። በ1999 ሕግ ቁጥር 45 በሚባለው ለክፍለ ግዛቱ ሁሉ አንድ የግንባታ ኮድ ደነገገች። በ2008 ደግሞ ሕግ ቁጥር 106 ወጣና አንድ ገምጋሚ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ 19 አባላት ያሉት፣ ግንበኞችም አርክቴክቶችም መሐንዲሶችም ተቆጣጣሪዎችም የሚቀመጡበት። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ አዲሱ ናሙና ኮድ ሲወጣ ምክር ቤቱ የማይፈልገውን አውጥቶ ይጥላል። ያልጣለው በራሱ ጊዜ ሕግ ይሆናል። ዝም ካልክ ገባ ማለት ነው።

ስፕሪንክለሩ የገባው እንደዚህ ነው። ምክር ቤቱ አልጣለውም።

የፔንሲልቬንያ ቤት ሠሪዎች ማኅበር መጀመሪያ የሄደው ፍርድ ቤት ነው። ክሱ ብልጥ ነበር፤ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የሕግ አውጪው ምክር ቤት ሆኖ ሳለ እንዴት አንድ የግል ድርጅት በሌላ ከተማ ባደረገው ጉባኤ የወሰነው የኛ ሕግ ይሆናል የሚል። ፍርድ ቤቱ በ2010 አልተቀበላቸውም። ስለዚህ ቀኑ ሲደርስ፣ ጥር 1 ቀን 2011፣ ግዴታው ሥራ ላይ ዋለ።

እስካሁን ሦስት ጊዜ ተሸንፈዋል። ሚኒያፖሊስ ላይ፣ በማግሥቱ ዓመት ጉባኤው ላይ፣ ፍርድ ቤት ላይ። ተራ ሰው እዚህ ጋ ይተወዋል።

ግን በኅዳር 2010 ምርጫ ነበር። የታችኛው ምክር ቤት ከዴሞክራቶች ወደ ሪፐብሊካኖች ዞረ፣ 112 ለ91። ሴኔቱ ቀድሞም የሪፐብሊካን ነበር። ገዥው ኤድ ሬንደል ዘመናቸው አበቃና በጥር 2011 ቶም ኮርቤት ገቡ። ሦስቱም በር በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ቤት ሠሪዎቹ ደግሞ በሩ እስኪከፈት ተኝተው አልጠበቁም፤ ረቂቁ ዝግጁ ነበር፣ ክርክሩ የተለመደ ነበር።

ሚያዝያ 25 ቀን 2011 ኮርቤት ፈረሙ። የዚያ ዓመት ሕግ ቁጥር 1 ነው። እስቲ አስቡት፤ በጀት አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ ጡረታ አለ፣ አዲሱ ገዥ ከሁሉ አስቀድመው የፈረሙት ሕግ የቤት ስፕሪንክለርን የሚሽረውን ነው።

ሕጉ ስፕሪንክለርን አልከለከለም። ይቺ የሥራቸው ውበት ናት። ቤት ሠሪው ለቤት ገዢው ስፕሪንክለር ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ጥቅሙንና ወጪውን የሚገልጽ መረጃ ይሰጠዋል፣ ገዢው ከፈለገ በራሱ ወጪ ይገጠምለታል። ማለትም ማኅበሩ ዋናውን ሙግት ‘ስፕሪንክለር አይሠራም’ በሚል ላይ አላቆመም። ያ ክርክር ያስሸንፈው ነበር፤ 101 ለዜሮ ከሚል ቁጥር ጋር ማን ይከራከራል? የሞገተው ‘ማን ይወስን’ በሚለው ላይ ነው። ገዢው ራሱ ይወስን። አሜሪካ ውስጥ ይህን ዓረፍተ ነገር መቃወም ለሚፈልግ ፖለቲከኛ እግዚአብሔር ይርዳው።

በተግባር ምን ይሆናል? ገዢው የኩሽና ጠረጴዛ ላይ ግራናይት ይሻላል ኳርትዝ በሚልበት ቀን፣ ከ40 ወረቀት መሐል አንዷ የስፕሪንክለር ወረቀት ትሆናለች። 4,000 ዶላር ለማይታይ ቧንቧ ወይስ ለሚታይ ወጥ ቤት? መልሱን ታውቁታላችሁ። እኔም ብሆን ምን እንደምመርጥ እርግጠኛ ሆኜ አልምልም።

ማንም ያላየው አንቀጽ

ጋዜጣ የጻፈው ስለ ስፕሪንክለሩ ነው። ለኔ ግን የሕጉ ትልቁ ክፍል ሌላ ነው።

ቅድም ያልኩትን አስታውሱ፤ ገምጋሚው ምክር ቤት ያልጣለው ነገር ሁሉ በራሱ ይገባ ነበር። ሕግ ቁጥር 1 ይህን ገለበጠው። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር እንዲገባ ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጥቶ መቀበል አለበት፣ በሁለት ሦስተኛ። ከ19 አባላት 13 መስማማት አለባቸው። ሰባት ሰው እንቢ ካለ አበቃ። ከዚያ በፊት ዝም ማለት መቀበል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት መጣል ሆነ።

የእሳት ሰዎቹ ሚኒያፖሊስ ላይ ሁለት ሦስተኛን ለመዝለል ስንት ዓመት ፈጀባቸው? ቤት ሠሪዎቹ ያንኑ መሰናክል አንሥተው ሃሪስበርግ ላይ ተከሉት፤ ለስፕሪንክለር ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም አዲስ ነገር። ኢንሱሌሽን (የሙቀት መጠበቂያ)፣ ኤሌክትሪክ፣ መሠረት፣ መስኮት፣ ሁሉም።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። የ2012ቱ እትም መጣ፣ እንዳለ ማለት ይቻላል ታለፈ። የ2015ቱ መጣ፣ ከብዙ መቶ ለውጦች የተቀበሉት እፍኝ አይሞላም። ፔንሲልቬንያ እስከ 2018 መስከረም መጨረሻ ድረስ በመሠረቱ በ2009 ኮድ ቤት ስትሠራ ነበር። ይህ ደግሞ ሁሉንም ግንበኛ አላስደሰተም። በሁለትና በሦስት ክፍለ ግዛት የሚሠራ ድርጅት እዚህ የድሮ፣ እዚያ የአዲስ ሲባል ሥዕሉን በየጊዜው መቀየር አለበት። አርክቴክቶችና ተቆጣጣሪዎችም ተማረሩ። በ2017 ሕግ አውጪው ምክር ቤት አሠራሩን እንደገና በሕግ ነካካውና የ2015ቱ ኮድ ከጥቅምት 1 ቀን 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ስፕሪንክለሩ ግን አልተመለሰም።

አንድ ነጥብ ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የእሳት አደጋ ሰዎቹ ምን ተሳሳቱ? ማስረጃው ነበራቸው፣ ሕዝቡ ይወዳቸዋል፣ ድምፁን አሸንፈዋል። የተሳሳቱት፣ በኔ እይታ፣ ድሉን ካገኙ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። ከመስከረም 2008 እስከ ጥር 2011 ከሁለት ዓመት በላይ አለ። በዚያ ጊዜ ባለ ጉድጓዱን ገጠር ለብቻው ማየት፣ የውሃ መሥሪያ ቤቶች ለትልቅ ቆጣሪ የሚጠይቁትን ተጨማሪ ክፍያ ማስቀነስ፣ ስፕሪንክለር ለሚገጥም ገንቢ በመንገድ ስፋት ወይም በቤቶች ርቀት ላይ ማካካሻ መስጠት ይቻል ነበር። አንዳንድ ከተሞች እንዲህ አድርገዋል፤ ስኮትስዴል አሪዞና በ1985 ድንጋጌውን ስታወጣ ለገንቢዎች የምትሰጠው ነገር ይዛ ነበር የመጣችው። የማታ ማታ ግን ያችው አሪዞና በ2011 ከተሞች አዲስ ግዴታ እንዳያወጡ በክፍለ ግዛት ሕግ ከለከለች። ብቻ ሃሪስበርግ ላይ የተቃጠለ ሰው ፎቶና የተዘጋ ድርጅት ቁልፍ ጎን ለጎን ቀረቡ፤ በ2011 ቁልፉ አመዘነ።

ሌላ ቦታስ?

ቶሎ ቶሎ ልለፈው። ቴክሳስ በ2009 ከተሞች በአዲስ የመኖሪያ ቤት ላይ ግዴታ እንዳይጥሉ ከለከለች፣ ስለዚህ ዳላስ ያላችሁ አዲስ ቤታችሁ ኮርኒስ ላይ አትፈልጉ። ሚኒሶታ ይበልጥ ያስቃል። ምክር ቤቱ ግዴታውን የሚከለክል ሕግ ሲያወጣ ገዥው ማርክ ዴይተን በቬቶ መለሱት። ክፍለ ግዛቱ ከዚያ ከ4,500 ስኩዌር ፊት በላይ ለሆኑ ቤቶች ብቻ ግዴታ አደረገ፣ ሀብታሙ ይክፈል ዓይነት ነገር። የመንትዮቹ ከተሞች (የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል) ቤት ሠሪዎች ማኅበር ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2015 ለምን 4,500 እንጂ ሌላ ቁጥር አልሆነም የሚለውን በቂ መልስ አላገኘሁበትም ብሎ ሻረው። ፔንሲልቬንያ ላይ ፍርድ ቤት እምቢ ሲል ምክር ቤት፤ ሚኒሶታ ላይ የምክር ቤቱ ሕግ በቬቶ ሲመለስ ፍርድ ቤት። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላውን ማንኳኳት ነው ሥራው።

ካሊፎርኒያና ሜሪላንድ ጸኑ። ሜሪላንድ በ2012 ካውንቲዎች ስፕሪንክለሩን ከኮዱ እንዳያወጡ በሕግ ዘጋች። የፕሪንስ ጆርጅስ የ20 ዓመት ልምድ ነበራት፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲም ከ2004 ጀምሮ ግዴታ አድርጎት ነበር። በአካባቢው ቤት ሠሪ ሁሉ ዋጋውን ቀድሞ ለምዶታል፤ ገጣሚውም በዝቶ ዋጋው ወርዷል። የለመደን ነገር ማስፈራሪያ ማድረግ አይቻልም።

እና የመጨረሻው ክፍል፣ እንደገና ወደዚያ ጉባኤ አዳራሽ የሚመልሰን። በጥቅምት 2019 ኒውዮርክ ታይምስ አንድ ነገር ይፋ አወጣ። የኮድ ምክር ቤቱና ብሔራዊው የቤት ሠሪዎች ማኅበር ለሕዝብ ያልታወቀ ስምምነት ነበራቸው፤ የመኖሪያ ቤት ኮድ በሚያዩ ሁለት ቁልፍ ኮሚቴዎች ውስጥ ከ11 ድምፅ 4ቱ የማኅበሩ እንዲሆን። በመጨረሻው ቆጠራ እጅ የሌላቸው ሰዎች ቀደም ብሎ ባለው ደረጃ እጃቸው ብዙ ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የከተማ ተወካዮች በርከት ብለው ወጥተው፣ ልክ እንደ 2008ቱ የእሳት ሰዎች፣ በኢነርጂ ኮዱ (የሕንፃዎችን የኃይል ቁጠባ በሚመለከተው ጥራዝ) ላይ ጠንካራ ለውጦች እንዲገቡ ድምፅ ሰጡ። የቤት ሠሪዎችና የጋዝ ኩባንያዎች ይግባኝ አሉ። አንዳንዶቹ ለውጦች በይግባኝ ተነቀሉ። በመጋቢት 2021 ደግሞ የኮድ ምክር ቤቱ የኢነርጂ ኮዱ ከዚያ በኋላ በዚያ ዓይነት ድምፅ እንደማይወሰን አስታወቀ። የተለያዩ ወገኖች የተቀመጡበት ኮሚቴ ያዘጋጀዋል። ቤት ሠሪዎቹ ደገፉት። እነዚያ 1,283 ሰዎች እጃቸውን ያወጡበት ዓይነት አዳራሽ፣ ለኢነርጂ ኮዱ፣ ከዚያ ወዲያ የለም።